ስለ ደስታ ሲጻፍ የተፈተነውና ያልተፈተነው ይለይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጋዜጦቻችንና በሬዲዮ ጣቢያዎቻችን ስለ ደስተኛ ሕይወት የሚቀርበውን ትምህርት በአእምሮ ጤና ሙያ ላይ እንደተሰማራ ሰው በቅርብ እከታተላለሁ። አብዛኛው የሩቅ ምሥራቅን ጥበብና የዘመኑን ሥነ ልቦና አንድ ላይ ያነሣና «በጎ በጎውን ብቻ አስቡ፣ ደስታ በእጃችሁ ነው» በሚል ምክር ይደመድማል። ይህ ምክር ከቡድሃ ትምህርትም ሆነ ከሥነ ልቦና ምርምር የወጣ አይደለም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የታመመ ሰው ሲያነበው፣ ያልዳነው በራሱ ጥፋት እንደሆነ እንዲያምን ማድረጉ ነው።

ቡድሃ በሰሜን ሕንድ፣ በቫራናሲ አጠገብ በምትገኘው ሳርናት እንደሰጠው በሚነገረው የመጀመሪያ ትምህርቱ የጀመረው ከደስታ ሳይሆን ከሥቃይ ነው። መወለድ፣ ማርጀት፣ መታመም፣ መሞት፣ ከሚወዱት መለየት፣ ከማይወዱት ጋር መኖር፣ የፈለጉትን ማጣት የሰው ሁሉ ዕጣ መሆኑን ዘርዝሮ የሥቃይ ምንጭ የማይረካ ምኞት እንደሆነ ያስተምራል። በፓሊ ቋንቋ ተጽፈው ከቆዩት ትምህርቶቹ መካከል ለሙያዬ ሰዎች እጅግ የሚጠቅም አንድ ምሳሌ አለ። አንድ ሰው በቀስት ይወጋል፤ ወዲያውም ሁለተኛ ቀስት ያገኘዋል። የመጀመሪያው ሕመሙ ራሱ ሲሆን ሁለተኛው በሕመሙ ላይ የሚጨምረው ብስጭትና ሐዘን ነው። ያስተዋለ ሰው የመጀመሪያው ባይቀርለትም ሁለተኛው አይወጋውም። የቆየ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ሌሊት ሲገላበጥ የሚያድረው በወገቡ ሕመም ብቻ አይደለም፤ «ሥራዬን ላጣ ነው፣ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል፣ ለምን እኔን መረጠኝ» እያለ እስኪነጋ ከራሱ ጋር ይሟገታል።

ይህን ጥንታዊ ማስተዋል ወደ ሆስፒታል ያስገባው በሞለኪዩላር ባዮሎጂ የሠለጠነው አሜሪካዊው ጆን ካባት ዚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዉስተር ከተማ በሚገኘው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል፣ ሕክምና ብዙም ያልረዳቸውን የቆየ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ተቀብሎ ዛሬ 8 ሳምንት የሚወስደውን፣ በእንግሊዝኛ «ማይንድፉልነስ» የሚባለውን የማስተዋል ሥልጠና ጀመረ። የመጀመሪያው ልምምድ ብዙዎችን ያስገርማል። ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ዘቢብ ይሰጠዋል፤ ከመብላቱ በፊት አንዷን ፍሬ በጣቶቹ ይዞ መጨማደዷን ያያል፣ ወደ ብርሃን ያነሣታል፣ ያሸታታል፣ ምላሱ ላይ ያኖራትና ሳያኝክ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቀስ ብሎ ያኝካታል። ቀጥሎ በጀርባቸው ተኝተው ትኩረታቸውን ከግራ እግራቸው ጣቶች አንሥተው እስከ አናታቸው ድረስ በየሰውነት ክፍላቸው ያሳልፋሉ። የሚያማቸው ቦታ ላይ ሲደርሱ ሕመሙን እንዲያባርሩት አይጠየቁም፤ እንደምን እንዳለ እንዲያዩት ብቻ ይነገራቸዋል። በየቤታቸውም በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 45 ደቂቃ ያህል እንዲለማመዱ ይታዘዛሉ። ነገሩ ከባድ ሥራ መሆኑ ከዚህ ይታያል፤ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ገብቶ «ተለውጫለሁ» ብሎ የሚወጡበት አይደለም።

ከዚህ ሥልጠና ተነሥተው ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊሊያምስና ጆን ቲስዴል የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት የድባቴ ሕመም እንዳያገረሽ የሚረዳ ሕክምና አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከሕመሙ ያገገሙ 145 ሰዎች ተካፍለው ነበር። ከዚያ በፊት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከታመሙት መካከል የተለመደውን ሕክምና ብቻ ያገኙት 66 በመቶ ሲያገረሽባቸው፣ ሥልጠናውን ከጨመሩት ያገረሸባቸው 37 በመቶ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ብቻ ለታመሙት ግን ጥቅም አላሳየም፤ ተመራማሪዎቹም ይህን ሳይደብቁ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ የታተመ ሌላ ጥናት 424 ሰዎችን ለ2 ዓመት ተከታትሎ፣ መድኃኒት በመቀጠልና በሥልጠናው እየታገዙ መድኃኒቱን በመቀነስ መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ በመጀመሪያው ቡድን 47፣ በሁለተኛው 44 በመቶው አገርሽቶባቸዋል። እኔ ይህን ውጤት ትልቅ የምሥራች አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ መድኃኒት ለማይስማማው ሰው ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳያልና። ሆኖም መድኃኒትን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ መቀነስና በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

ያልሠራበትም ቦታ አለ። በብሪታንያ በ85 ትምህርት ቤቶች ከ8,000 በላይ ታዳጊዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ለትምህርት ቤት የተዘጋጀ ይኸው ዓይነት ሥልጠና ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። ከባድ ሰቆቃ ያለፈባቸው ሰዎችም ዐይናቸውን ጨፍነው በዝምታ ሲቀመጡ ትዝታው ሊቀሰቀስባቸው ይችላል። ከጦርነት የተረፉ ብዙ ወገኖች ባሉባት አገራችን ይህ ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

«ገንዘብ ደስታ አያመጣም» ለሚለው ስብከት ማስረጃ ሆኖ ዘወትር የሚጠቀሰውም እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ የተሠራ ጥናት ነው። ሎተሪ የደረሳቸው ሰዎች ካልደረሳቸው ይበልጥ ደስተኞች ሆነው አለመገኘታቸው እውነት ነው፤ የተጠየቁት ባለዕድሎች ግን 22 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ እጅግ ሰፊ የስዊድን ጥናት፣ ከፍተኛ ገንዘብ የደረሳቸው ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ከ10 ዓመት በኋላም ከፍ ብሎ መቆየቱን አሳይቷል። የቤት ኪራይ ያስጨነቀውን ሰው «ምኞትህን ተው» ብሎ መምከር ጥበብ አይደለም፤ ቡድሃም ለምእመናኑ በላባቸው ያፈሩትን ሀብት በአግባቡ መያዝን አስተምሯል።

ልምምዱ ከሃይማኖታቸው ጋር ይጋጭ እንደሆነ የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። ካባት ዚን ሥልጠናውን ያዘጋጀው የየትኛውም እምነት ሰው እንዲጠቀምበት ከሃይማኖታዊ ሥርዓት ለይቶ ነው። ሐሳብን መጠበቅና መመርመርም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በገዳሞቻችን የሚነበቡት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ስለዚሁ በስፋት ያስተምራሉ። ቢሆንም ጥያቄው በአክብሮት ሊመለስ የሚገባው ነው፤ ያልፈለገን ሰው ማስገደድም አይገባም።

የዝግጅት ክፍሉን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ስለ ደስታ የሚጽፉ ሰዎች «ጥናት አረጋግጧል» ሲሉ ጥናቱ በማን ላይ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተሠራ እንዲገልጹ ይጠየቁ። በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች ግርጌም፣ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ነገር ሁሉ ያስጠላው፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ያጣ፣ ወይም ራሱን የማጥፋት ሐሳብ የመጣበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ የሚያሳስብ ዐረፍተ ነገር ይታተም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ