ውርጭ ሲበረታ ቁልቁል

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝምታችን በጣም ረዘመ። በስልክ ተቻኩሎ ከማውራት አረፍ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን ወዲህ ደብረ ብርሃን እሳት ዳር ኩርምት ያልን እንዳይመስልሽ። መንገደኞች ሆነናል! መኪና የለንም፣ በሚኒባስ ነው የምንሄደው። ሻይ በፔርሙዝ፣ በሶ፣ ጋቢ፣ የባለቤቴ ከዘራ። ጓዛችን ይኸው ነው።

ሰሜን ሸዋ ለሽማግሌ የተመቸ አገር ነው። አየሩን መርጠሽ ትኖሪያለሽ። ብርዱ ሲጠናብሽ ትወርጃለሽ፤ ሙቀቱ ሲሰለችሽ ትወጫለሽ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። የባለቤቴ ጉልበት ያን ጊዜ ነው የሚብስበት። ስለዚህ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት! ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሠራው የጣርማበር ዋሻ አካባቢ ብዙ ጊዜ በጭጋግ ስለሚዋጥ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ይንፏቀቃል። ደብረ ሲና ላይ መኪናው ገና ሳይቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይከቡታል። ባለቤቴ ጥርሱ አልፈቅድ ብሎታል፣ ግን ሳይገዛ አያልፍም። ገዝቶ ለእኔ ያቀብለኛል። ሮቢት ስንደርስ ጋቢው ታጥፏል፣ ሹራቡ ወልቋል፣ ጉልበቱም ተፍታቷል። ፓፓያችንን በልተን ጥላ ሥር እንውላለን።

ጥቅምት ላይ ደግሞ አንኮበር። ምኒልክ ከአዲስ አበባ በፊት ከተቀመጡበት ጉብታ ላይ ሆነሽ ወደ አፋር ቆላ ስታይ ዓይንሽ ማረፊያ ያጣል። አቀበቱ ግን ያስተነፍሳል፤ እየተቀመጥን ነው የወጣነው።

ከሁሉም ልቤ የቀረው መንዝ፣ ጓሳ ነው። የሄድነው በጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጊዜ ነው። ሜዳው ሁሉ ጓሳ ሣር፣ እዚህም እዚያም ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ቆሟል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሰው አይፈሩም። ሳንጠጋቸው ቁጭ ብለን አየናቸው። በቂጣቸው ተቀምጠው፣ ጎመን እንደሚቀነጥስ ሰው፣ ሣሩን በሁለት እጃቸው እየነጩ ይበላሉ። ሌላ ድምፅ ስለሌለ ሣሩ ሲነቀል ይሰማሻል። ወንዱ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይታያል። ቀይ ቀበሮም እዚያ አለ፣ አይጥ እያደነ የሚኖር። እኛ ግን አልቀናንም።

ጓሳ ይህን ያህል የተረፈው የመንዝ ሰው ስለጠበቀው ነው። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ይታጨዳል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይሆናል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን በኋላ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ ያዘው። እኔ ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። ሣር ለልጅ ልጅ ብሎ የሚቆጥብ ሰው እንዴት አይከበር?

በልግ ዝናቡ ከጣለ ከከተማ ወጣ ብለን ገብስ የሚዘራውን ገበሬ እያየን በእግር እንሄዳለን። ሐምሌና ነሐሴ ቤት ነን፣ ጭጋጉ አያስወጣም።

መንገዱ ሁልጊዜ ሰላም እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ከመነሳታችን በፊት ሾፌሮቹን እንጠይቃለን። «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካሉን እንቀራለን።

እንግዲህ ከጥምቀት በኋላ ነይ። መንገዱ ደህና ከሆነ ሦስታችን ጓሳ እንሄዳለን፤ ካልሆነም እዚሁ ቡና እያፈላን እናወጋለን። ወፍራም ካልሲ እንዳትረሺ። መቼ እንደምትመጪ ቀደም ብለሽ ደውይልኝ፣ በሶውን አስፈጭቼ እጠብቅሻለሁ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሻል።

የምትናፍቅሽ እህትሽ