ሰነድ በቴሌግራም መቀበል ለምን እንዳቆምን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከሰኔ 1 ጀምሮ ደረሰኝ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ፔሮልና የክፍያ ትእዛዝ በቴሌግራምም ሆነ በዋትስአፕ አንቀበልም፤ በድርጅት ኢሜይል ወይም በኢንተርኔት በሚከፈት የጋራ ፎልደር ብቻ ነው። «ምን ነካችሁ? እስከ ዛሬ በዚሁ ስንሠራ አልነበር እንዴ?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ስንሠራ ነበር። ለምን እንደተውነው ግን ማወቅ አለባችሁ።

ጉዳዩን በቅርብ መከታተል የጀመርነው ከአሜሪካ በመጣ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የጄፒ ሞርጋን የአክሲዮን ንግድ ክንፍ ለሁለት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች በድምሩ 200 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት። በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ ጎልድማን ሳክስን፣ ሲቲ ግሩፕንና ባንክ ኦፍ አሜሪካን ጨምሮ ታላላቆቹ ባንኮች በአንድ ቀን ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ተቀጡ። በዓመቱ፣ በኦገስት 2023፣ የእንግሊዝ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኦፍጌም ሞርጋን ስታንሊን 5.4 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ። የሁሉም ጥፋት አንድ ነው። ሠራተኞቻቸው የሥራ ጉዳይ በግል ስልካቸው በዋትስአፕና በመሳሰሉት ይጻጻፉ ነበር። ድርጅቶቹም መልእክቶቹን መዝግበው አላስቀመጡም።

ልብ በሉ፤ ክሱ ደንበኛ አጭበረበራችሁ የሚል አይደለም። ገንዘብ ጠፋም አልተባለም። ተቆጣጣሪው መዝገቡን ሲጠይቅ መዝገቡ የለም፤ በቃ። የሚገርመው ደግሞ ደንቡን የሚጥሱት ጀማሪዎቹ ብቻ አልነበሩም። ደንቡን ማስከበር የነበረባቸው አለቆች ራሳቸው ዋትስአፕ ላይ ነበሩ። (እዚህም ቢሆን «ቶሎ በቴሌግራም ወርውሪልኝ» የሚለው ብዙ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ነው።)

እኛ የወል ስትሪት ባንክ አይደለንም፤ የአሜሪካ ሕግም አይገዛንም። ግን የኛም ሕግ መዝገብ ይጠይቃል። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ግብር ከፋይ ሰነዱን ከ5 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ማቆየት አለበት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከን መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ የለውም ማለት እንደማይቻል ይደነግጋል። ይህ ለሁላችንም ጥሩ ነው። ነገር ግን መልእክቱ ሲፈለግ መገኘት አለበት። ሳይለወጥ መቆየት አለበት። ማን ለማን፣ መቼ እንደላከውም መታወቅ አለበት።

ቴሌግራም እዚህ ላይ ነው የሚያስቸግረው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሁለት ሰዎች መካከል ያለን ቻት አንደኛው ወገን ብቻውን፣ በፈለገ ጊዜ፣ ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። እናንተ የላካችሁልንን እኛ ልናጠፋው እንችላለን፤ የላክንላችሁንም እንደዚያው። ዋትስአፕም በራሱ የሚጠፋ መልእክት አለው። ለግል ሕይወት ደስ የሚል ነገር ነው። ለኦዲት ግን ጣጣ ነው።

ከዚያ የባሰው ስልኩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። አብዛኛው ደንበኛችን ጋ ሰነድ የምትልክልን ካሸሯ ናት፤ በራሷ ስልክ፣ በራሷ ቁጥር። ሥራ ስትለቅ የዓመታት ደረሰኝ አብሯት ይሄዳል። ስልኳ ቢሰረቅም ሆነ ሲሟ ቢዘጋ ያው ነው። ድርጅቱ በራሱ ሰነድ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። ኦዲተር ሲመጣ የቀድሞ ሠራተኛ ቤት ሄዶ ማንኳኳት እንዴት ያለ ነገር ነው?

ስለ ፔሮል ለብቻው እናንሳ። የደመወዝ ዝርዝር ውስጥ ስም፣ የቲን ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብና የጡረታ ተቀናሽ አለ። አንዳንዴ የሕክምና ፈቃድም ይኖራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህን መረጃ የሚይዝ ድርጅት ኃላፊነት አለበት። መረጃው አደጋ ላይ ከወደቀም ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ይጠበቃል። ሃያ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ በስህተት ፎርዋርድ የተደረገ ፔሮል የት የት እንደደረሰ በ72 ሰዓት ማን ያውቃል?

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ኢሜይል ከነዚህ አፖች የበለጠ ምስጢር ይጠብቃል እያልን አይደለም። ዋትስአፕ መልእክቱን ከላኪ እስከ ተቀባይ ቆልፎ ነው የሚያደርሰው፤ ተራ ኢሜይል እንደዚያ አያደርግም። የድርጅት ኢሜይልና የጋራ ፎልደር ግን የድርጅቱ ነው። ሠራተኛ ሲለቅ የይለፍ ቃሉ ይቀየራል፣ ሰነዱ ይቀራል። ማን ገብቶ ምን እንዳየም ይታያል። የመረጥነው ለዚህ ነው እንጂ ምቹ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ማሰልቸቱ አይቀርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ፎልደር ከፍተናል፤ ሊንኩን ለባለቤቱና ባለቤቱ ለፈቀደለት ሰው ብቻ እንሰጣለን። ደረሰኙን በስልክ አንስታችሁ እዚያው መጫን ትችላላችሁ። ጥራቱም ይሻላል። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ይጨምቀዋል፤ ከካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ላይ የኤፍኤስ ቁጥሩ (የደረሰኙ መለያ ቁጥር) የሚደበዝዘው በዚህ ነው። ወረቀቱ ራሱም በጊዜ ብዛት ይነጣልና በወሩ መጨረሻ ሳይሆን በሳምንቱ አንሱት። ኢሜይልም ፎልደርም አልመች ያለው ደንበኛ ወረቀቱን ያምጣ፤ ስካን አድርገን እንመልሳለን። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የለውም።

የክፍያ ትእዛዝ ላይ ግን ጠንከር እንላለን። የአቅራቢ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተቀይሯል የሚል መልእክት ከየትም ይምጣ፣ ቀድሞ በእጃችን ባለው ስልክ ደውለን በቃል ሳናረጋግጥ ክፍያውን አናዘጋጅም። አዲሱ መልእክት ላይ በተጻፈው ቁጥር አንደውልም። የአሜሪካው የወንጀል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በሐሰተኛ የሥራ ኢሜይልና መሰል ማታለል 2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደተወሰደ መዝግቧል። በሆንግ ኮንግ አሩፕ የተባለው የእንግሊዝ የምህንድስና ድርጅት ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ አለቆቹን አየሁ ብሎ 25 ሚሊዮን ዶላር አስተላልፏል፤ ስብሰባው ላይ የታዩት አለቆች በኮምፒውተር የተፈበረኩ ነበሩ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የተሰማ ነው። እዚህ አገር እስካሁን የምናየው ቀለል ያለው ዓይነት ነው፦ የተቀባባ የቴሌብር ወይም የባንክ ስክሪንሹት። ስለዚህ ስክሪንሹትን እንደ ደረሰኝ አንመዘግብም። ከባንኩ የሚወጣውን ደረሰኝ ወይም ስቴትመንቱን ላኩልን። ስንደውል «አላመናችሁኝም ማለት ነው?» እንዳትሉን። ባለቤቱ ራሱ ቢደውልም መልሰን እንደውላለን።

ሰላምታ፣ ቀጠሮ፣ «ደረሳችሁ?»፣ «ዴክላሬሽኑ አለቀ?» የመሳሰለው በቴሌግራም ይቀጥላል። ቢሮው ቻቱን አይዘጋም። ሰነድ ከመጣ ግን ፎልደሩን አስታውሰን መልሰን እንልካለን እንጂ አናወርደውም።

ለጊዜው የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የዚህን ዓመት ሰነድ በካሸሯችሁ ወይም በሹፌራችሁ ቴሌግራም ላይ ያለ ካለ፣ ሐምሌ ሳይገባ አውርዳችሁ ፎልደሩ ውስጥ አስገቡት። ኮምፒውተር ላይ በተጫነው ቴሌግራም የአንድን ቻት ፋይሎች በአንድ ጊዜ ማውጣት ይቻላል። ካስቸገራችሁ ደውሉና በስልክ እየመራን እናሳያችኋለን፤ ከሰዓት በኋላ ብትደውሉ ቶሎ እናነሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብና የታክስ አገልግሎት ቢሯችሁ