ስለዚያ ፎቶ ልክ አልነበርኩም

ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? ይህን ያህል ጠፍቼ ድንገት ብቅ ስል ምን ሆኖ ነው ትል ይሆናል። ደህና ነኝ። መጥፋቴን ይቅር በለኝ፣ በጣም ናፍቀኸኛል።

የኢዎ ጂማን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውጊያ የተደረገባትን የጃፓን ደሴት፣ ፎቶ ያሳየኸኝ ቀን ትዝ ይልሃል? ስድስት የአሜሪካ ወታደሮች ተራራ ላይ ባንዲራ የሚተክሉበትን። "ቁሙ ተብለው የተነሱት ነው" ብዬ ድርቅ አልኩብህ። ተሳስቼ ነበር። ሰሞኑን ታሪኩን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1945 ጠዋት ሱሪባቺ ተራራ ላይ ትንሽ ባንዲራ ተሰቅሎ ነበር። ከሩቅ እንዲታይ በትልቅ ይቀየር ተባለ። የአሶሺየትድ ፕሬስ ዜና ወኪል ፎቶ አንሺው ጆ ሮዘንታል የደረሰው ለሁለተኛው ነው። ቁመቱ አጭር ስለነበር ድንጋይ ከምሮ ላዩ ላይ ወጣ፣ ልጆቹ ባንዲራው የታሰረበትን የብረት ቧንቧ ብድግ ሲያደርጉ ካሜራውን አዙሮ ተጫነው። አለቀ። አጠገቡ ቆሞ ፊልም ሲቀርጽ የነበረው ወታደር ምስልም ይህንኑ ያሳያል። ወሬው የተነሳው ሮዘንታል በኋላ ወታደሮቹን ባንዲራው ስር ሰብስቦ ሌላ ፎቶ ስላነሳ ነው። "አዘጋጅተህ ነው ያነሳኸው?" ሲሉት የዚያኛውን የጠየቁት መስሎት "አዎ" አለ።

እኔን ያንገበገበኝ ግን የስሞቹ ነገር ነው። ፊታቸው በደንብ አይታይም፣ ሦስቱ ደግሞ ውጊያው ሳያልቅ እዚያው ደሴት ላይ ሞቱ። ቀኝ ጥግ ጎንበስ ብሎ ቧንቧውን መሬት የሚያስይዘው ሃርሎን ብሎክ ነው፤ ስሙ ግን በሌላ ሟች ስም ተተካ። እናቱ ጋዜጣ ላይ ጀርባውን ብቻ አይታ "ልጄ ነው" አለች። ማን ይስማት? ከተረፉት አንዱ አይራ ሄይዝ እውነቱን ያውቅ ነበር፣ ለአንድ መኮንን ቢናገር ዝም በል ተባለ። 1946 ላይ ከአሪዞና ተነስቶ፣ የመንገደኛ መኪና እየለመነ፣ ቴክሳስ ድረስ ሄዶ ለሃርሎን አባት ነገራቸው። ስሙ የተስተካከለው በ1947 ነው።

በዚህም አላበቃም። በ2016 እና በ2019 የሌሎች ሁለት ሰዎች ስም ተቀየረ። በምትክ ከገቡት አንዱ ሃሮልድ ሹልትዝ በ1995 እስኪሞት ድረስ በአደባባይ "እዚያ ፎቶ ላይ እኔም አለሁ" ብሎ አያውቅም።

አሁን ፎቶውን ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ባንዲራው ላይ አይደለም፣ ቀኝ ጥግ ያለችው ጀርባ ላይ ነው። አንተም እስቲ ደግመህ እያትና ጻፍልኝ።