ስቶሬጅ ስትከራዩ የመውጫውን ቀን አስቀድማችሁ ቁረጡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሥራ ወይም ትምህርት አዛውሯቸው አዲስ ከተማ ስለሚገቡ ሰዎች ጋዜጣችሁ ደጋግሞ ጽፏል። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ያወጣችሁትን አንብቤ ተጠቅሜበታለሁ። አንድ ጉዳይ ግን እስካሁን አልተነካም። ቤት እስኪገኝ ድረስ ዕቃው የት ይቆያል?

ድሮ መልሱ ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው ስቶሬጅ፣ ማለትም የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል፣ ይከራያል። ክፍሉን ራሳችሁ ትቆልፋላችሁ፣ ቁልፉን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ በየወሩ ትከፍላላችሁ። ቀላል ይመስላል። ውስጡ ግን ውል አለ፣ ቅጣት አለ፣ የዕድሜ ልክ ንብረት አለ። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤቴ በተለያየ ጊዜ ሲያዛውረኝ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ጓዜን ጠቅልዬ ተነስቻለሁ። የምጽፈው በእጄ ያለፈውን ነው። ስቶሬጅ አዲስ ከተማ ለሚገባ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። የመውጫ ቀን ካልተቆረጠለት ግን ቀስ እያለ ኪስ ያራቁታል።

እፎይታውን ላስቀድም። ዕቃ የጫነ መኪና ደጅ ቆሞ ቤት መምረጥ አይቻልም። ጫኞቹ ይቸኩላሉ። ልጆቹ ደክሟቸዋል። አከራዩ «ሌላ ሰው ሊያየው እየመጣ ነው» ይላል። በዚያ ጭንቀት የተፈረመ ውል ዓመት ሙሉ ያስራል። ዕቃው አንድ ቦታ ከገባ ግን ሰው ሻንጣውን ብቻ ይዞ፣ አልጋና ምድጃ ያለው አንድ ክፍል ተከራይቶ መሰንበት ይችላል። በዚያ መሐል ከተማውን ይለምዳል። እኛ ካርታ ላይ አይተን የወደድነው ሰፈር ነበር፤ ለመሥሪያ ቤቴ ቅርብ ነው። ጠዋት ላይ ሄደን ስናየው ግን ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ይውላል። ተውነው። ዕቃችን መኪና ላይ ቢሆን ኖሮ ሳናይ እዚያው ገብተን ነበር።

ስቶሬጁ በየትኛው ከተማ ይሁን? ይህን ቀድሞ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። አዲሱ ሥራ የተረጋገጠ ከሆነ ዕቃውን አዲሱ ከተማ ወስዶ ማስገባት ይሻላል። አለበለዚያ አንድ ካርቶን ለማምጣት እንኳ መንገድ መግባት ይመጣል። ሥራው የሙከራ ጊዜ ካለው ግን ዕቃው ባለበት ከተማ ቢቆይ ይመረጣል። ሥራው ባይሆን መመለሻ አለ። ሌላው መረሳት የሌለበት፣ በስቶሬጅ በኩል ያለፈ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፣ ሁለት ጊዜ ይጫናል። ያ ሁሉ የጫኝ ሒሳብ ነው። አንዳንድ የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅቶች ዕቃውን ራሳቸው መጋዘን አቆይተው በኋላ ቤት ድረስ ያመጣሉ። ለአጭር ጊዜ ከሆነ እሱንም አስተያዩት።

ስለ ክፍሉ ስፋት ብዙ አልልም። 1.5 በ1.5 ሜትር የሆነው ትንሹ ክፍል ለካርቶንና ለሻንጣ ይበቃል። 3 በ3 ሜትር የሆነው ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መኝታ ቤት ዕቃ ይችላል። 3 በ6 የሆነው የአንድ መኪና ጋራዥ ያህላል፤ የቤተሰብ ዕቃ በደህና ይገባበታል። ቢሮ የተቀመጠው ሰው ሰፋ ያለውን ቢያሳያችሁ አይግረማችሁ። አልጋውንና ጠረጴዛውን ፈታታችሁ፣ ከባዱን ከታች ቀላሉን ከላይ አድርጋችሁ እስከ ላይ ከደረደራችሁ ከገመታችሁት ያነሰ ክፍል ይበቃችኋል። መሐል ላይ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ተዉ። ቶሎ የሚፈለገውን በሩ አጠገብ አድርጉ። የእኔ ትንሿ ልጅ ገና የመጀመሪያው ማታ የሥዕል ዕቃዋን ጠየቀች። በሩ ጋ ስለነበር በማግሥቱ አምጥተን ሰጠናት።

ወደ ገንዘቡ ልግባ። የመጀመሪያው ወር ዋጋ ብዙ ጊዜ ማባበያ ነው። ግማሽ ዋጋ፣ አንዳንዴም በነፃ። ቀጥሎ የመመዝገቢያ ክፍያ ይመጣል፣ የኢንሹራንስ ክፍያ ይመጣል፣ የቁልፍ መግዣ ይመጣል። ውሉ በአብዛኛው ከወር ወደ ወር የሚታደስ ነው። ይህ እናንተን በፈለጋችሁ ጊዜ ለመውጣት ነፃ ያደርጋችኋል። አከራዩንም ዋጋ ለመጨመር ነፃ ያደርገዋል። እኛም ጋ ጥቂት ወራት እንዳለፉ የጭማሪ ማስታወቂያ ከች አለ። ቢሮው ሄጄ ጠየቅሁ። ልጁ ጨዋ ነው፤ «ውሉ ላይ አለ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አለ። አንብቤዋለሁ። ዋጋው ሊጨምር እንደሚችል ይናገራል፤ በስንት እንደሚጨምር፣ በዓመት ስንቴ እንደሚጨምር ግን አንዲት መስመር የለም። ዕቃው አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ ማን ጫኝ ጠርቶ ሌላ ቦታ ይወስደዋል? ጭማሪው የሚመጣው ይህ ታውቆ ነው። በጣም የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

በሙያዬ የለመድኩትን ለአንባቢ ላካፍል። ወረቀት አውጡና የአንድ ዓመት ኪራይ ደምሩ፣ ከነኢንሹራንሱ። ከጎኑ ክፍሉ ውስጥ የሚገባው ዕቃ ዛሬ ቢሸጥ ስንት እንደሚያወጣ ጻፉ። ያረጀ ሶፋ፣ እግሩ የተነቃነቀ ኮመዲኖ፣ ማንም የማይተኛበት ፍራሽ ኪራይ ሊከፈልላቸው አይገባም። ከመነሳታችሁ በፊት ሽጡት ወይም ለሚፈልገው ስጡት። ባለቤቴ በዚህ አይስማማም ነበር። ሁለቱን ድምር ጎን ለጎን ሲያይ ሶፋውን ራሱ አወጣው። ከዚያ የመውጫውን ቀን ቁረጡ። ቤት ቢገኝም ባይገኝም «በዚህ ወር እንወጣለን ወይም ዕቃውን እንቀንሳለን» ብላችሁ ካሌንደር ላይ ጻፉት። ለመልቀቅ ስንት ቀን ቀድሞ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግም ከውሉ ላይ አውጥታችሁ እዚያው አስፍሩ። በሁለት ቀን ምክንያት የሙሉ ወር ኪራይ የሚጠይቅ ውል አለ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወዳሳሰበኝ ነገር ልምጣ። ኪራይ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ብዙ ሰው አያውቅም። በብዙ አገር ሕጉም ውሉም ለአከራዩ ትልቅ ሥልጣን ይሰጡታል። መጀመሪያ ቅጣት ይጨምራል። ቀጥሎ በሩ ላይ የራሱን ቁልፍ ይደርብና መግባት ይከለክላል። ማስጠንቀቂያ ይልካል። ገንዘቡ ካልመጣ ዕቃውን በጨረታ ይሸጣል።

አንድ ቀን ካርቶን ልናወጣ ስንገባ በእኛው መተላለፊያ ላይ ያለ ክፍል ቁልፉ ተቆርጦ በሩ ተከፍቷል። ገዢዎች ደጃፉ ላይ ቆመው በስልካቸው መብራት ውስጡን ያያሉ። ወደ ውስጥ መግባት አይፈቀድላቸውም፣ ከደጅ አይተው ዋጋ ይጠራሉ። ከፊት ለፊት የልጅ አልጋ አለ። ከአልጋው ላይ አፉ የተከፈተ ካርቶን፣ ከካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ወፍራም የፎቶ አልበም ይታያል። የሰውየው ማንነት እኔን አይመለከተኝም። ኪራዩን ለምን እንዳልከፈለም አላውቅም። የማውቀው አልበሙን ለመግዛት የመጣ ሰው እዚያ እንዳልነበረ ነው።

ይህ አደጋ ከተማ በቀየረ ሰው ላይ ይበረታል። ምክንያቱ ተራ ነገር ነው። ውሉን ስትፈርሙ አድራሻ ትሞላላችሁ፤ ያላችሁ አድራሻ ደግሞ የምትለቁት ቤት ነው። ማስጠንቀቂያው ወደዚያ ይሄዳል። እዚያ ሌላ ሰው ገብቷል ወይም ቤቱ ተዘግቷል። ስልክ ቁጥር ይቀየራል። ባንክ ይቀየራል፣ በየወሩ ኪራዩን የሚቆርጠው የባንክ ካርድ ጊዜው ያልቃል። ሰውየው የከፈለ መስሎት ተቀምጧል። ስለዚህ አዲስ ቤት በገባችሁ ሳምንት አድራሻችሁን በጽሑፍ አስቀይሩ፤ መቀየሩንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የማይዛወር ዘመድ ወይም ጓደኛ ስልክ ሁለተኛ ተጠሪ አድርጋችሁ አስመዝግቡ።

ኢንሹራንሱንም ሳታነቡ አትለፉ። አከራዩ ክፍል አከራየ እንጂ ዕቃ በአደራ አልተቀበለም፤ ውሉ ይህን በግልጽ ይጽፋል። ብዙ ፖሊሲ ደግሞ ለእሳትና ለስርቆት እየከፈለ ለሻጋታና ለአይጥ አይከፍልም። የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ከቤት ውጭ ያለ ንብረት ይሸፍንለት እንደሆነ መጀመሪያ ይጠይቅ። ሁለት ጊዜ መክፈል አያስፈልግም። ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት ዕቃውን በስልክ ፎቶ አንሱ። ካርቶኑ ላይ ቁጥር ጻፉ፣ ውስጡ ያለውን በደብተር መዝግቡ።

ሌባ የሚያስፈራቸው ብዙዎች ናቸው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስፈራኝ እርጥበት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ክፍል ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ውኃ ተለውጦ ዕቃው ላይ ይቀመጣል። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ለሻጋታ ይመቸዋል። እኛ ጋ ፍራሹን ጫኞቹ በወፍራም ፕላስቲክ ጥቅልል አድርገው በስኮች አሽገውት ነበር። ስንከፍተው ፕላስቲኩ ከውስጥ በኩል ላብ አውጥቷል። የፍራሹ ጠርዝ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ተበትኗል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ከእሱ አጠገብ በጥጥ አንሶላ የተሸፈነው ሁለተኛው ፍራሽ ምንም አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ፍራሽም የቆዳ ሶፋም አየር በሚያስገባ ጨርቅ ነው የምሸፍነው።

የእናቴን የስፌት መኪና ባለቤቴ በዘይት ወልውሎ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከሲሚንቶው ከፍ ብሎ በእንጨት ፓሌት ላይ አስቀመጠው። ስናወጣው መንኮራኩሩ በአንድ ጣት ዞረ። ፓሌት ርካሽ ነገር ነው፣ አትሰስቱለት። ዕቃውንም ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል አርቁት። ፍሪጁ በደንብ ደርቆ፣ በሩ በጥቂቱ ገርበብ ብሎ ይቀመጥ። ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ቱቦ ውስጥ ውኃው ይፍሰስ። ከሰዓት፣ ከሪሞትና ከልጆች መጫወቻ ባትሪውን አውጡ፤ ሲቆይ ፈሶ ዕቃውን ይበላዋል። ቤንዚን፣ የጋዝ ሲሊንደርና ምግብ ወደ ስቶሬጅ አይገቡም። ውሉም ይከለክላል፣ የጎረቤትም ንብረት አብሮ ይጠፋል።

ፓስፖርት፣ ዲፕሎማ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሕክምና ማስረጃና ወርቅ ከእናንተ ጋር ይሂዱ። የቤተሰብ ፎቶም እንደዚሁ። ቁልፍ ስትገዙ ዙሪያውን ብረት የከበበውን ክብ ቁልፍ ግዙ፤ መቁረጫ አያስገባም።

በመጨረሻ ሁለት ልመና አለኝ። የመጀመሪያው ለአከራዮች ነው። የማባበያው ጊዜ ካለቀ በኋላ ያለውን ዋጋ ከነጭማሪው ጣሪያ በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፉት። ቁልፍ ከመቁረጣችሁ በፊትም ለደንበኛውና ለተጠሪው ስልክ ደውሉ፤ በፖስታ የተላከ ወረቀት ከተማ የለቀቀን ሰው አያገኘውም።

ሁለተኛው ለእናንተ ለዝግጅት ክፍሉ ነው። አንድ የሕግ ባለሙያ ጋብዛችሁ የተለመደ የስቶሬጅ ውል አንቀጽ በአንቀጽ በገጻችሁ ላይ ቢያብራራልን ትልቅ ውለታ ነው። በተለይ የጨረታውን አንቀጽ፦ ስንት ቀን ይጠበቃል፣ ማስታወቂያው እንዴት ይደርሳል፣ ከዕዳው የተረፈው የሽያጭ ገንዘብ ለማን ይመለሳል? እነዚህን ጥያቄዎች ወንበር ስቤ ቢሮው ውስጥ ጠይቄ የተሟላ መልስ አላገኘሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ