ጉሮሮውን ሳናይ መድኃኒት አንጻፍ

ውድ አዘጋጅ፣

በአንድ ጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል የምሠራ የጤና መኮንን ነኝ። ስለ ጉሮሮ ህመም የምጽፍላችሁ ነገሩ ቀላል እየመሰለ ልጆችን ስለሚጎዳ ነው።

ጉሮሮዬን አመመኝ ያለ ሁሉ አሞክሳሲሊን ይዞ ይወጣል። እኛ ካልጻፍንለትም መድኃኒት ቤት ሄዶ ጥቂት ፍሬ ይገዛል። የሚያስል፣ አፍንጫው የሚፈስ፣ ድምፁ የዘጋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ አይረዳውም። በሳምንት ገደማ በራሱ ይሻለዋል። እስከዚያው የህመም ማስታገሻ፣ ትኩስ ነገርና በጨው ውሃ መጉመጥመጥ ይበቃዋል።

መድኃኒቱ በእርግጥ የሚያስፈልገው ልጅ ደግሞ ሳይታይ ያልፋል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ቶንሲል ሲያሳብጥ፣ ህመሙ ካለፈ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ የሩማቲክ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የልጁን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። ሲደጋገም የልብ ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው የልብ በር፣ ይበላሻል። በአገራችን የልብ ቀዶ ህክምና ወረፋ ከሚጠብቁት ልጆችና ወጣቶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የታመሙ ናቸው። እኛ ጤና ጣቢያ የምንጠቀምበት የሕፃናት ህክምና መመሪያ ደግሞ 5 ዓመት ላይ ያበቃል። አደጋው የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው።

ከጉሮሮ ናሙና ወስዶ በደቂቃዎች ውጤት የሚሰጥ ምርመራ አለ፤ እኛ ጋ ግን የለም። ያለን ባትሪ፣ የምላስ መጫኛ እንጨትና እጃችን ነው። ትኩሳት አለው? ሳል የለውም? ቶንሲሉ አብጦ ነጭ መግል ይዟል? ከመንጋጋው ሥር ያለው ንፍፊት ሲነካ ያመዋል? ምልክቶቹ ፍጹም አይደሉም። ግን ልጅ ሆኖ ሦስቱ ከተገኙበት እኔ ያለ መድኃኒት አልሸኘውም። ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ አፉን መክፈት ያልቻለ ወይም ሲተነፍስ ጉሮሮው የሚጮህ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መላክ አለበት።

ደስ የሚለው፣ ይህ ባክቴሪያ ዛሬም ፔኒሲሊንን አልተላመደም። አለርጂ ለሌለበት ልጅ ውዱን መድኃኒት መፈለግ አያስፈልግም። አንድ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ ይበቃል፤ ከ27 ኪሎ በታች ለሆነ 600 ሺህ ዩኒት፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 1.2 ሚሊዮን። ወይም የሚዋጠውን 10 ቀን ሙሉ መውሰድ ነው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሲሮጥ አይተው የሚያቋርጡ ወላጆች ስላሉ እኔ መርፌውን እመርጣለሁ። ህመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ የሩማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል።

መርፌውን የሚፈሩ ባልደረቦች አሉኝ። ከባድ አለርጂ ብርቅ ቢሆንም ስላለ ፍርሃታቸው ይገባኛል። መፍትሔው ግን አለርጂ እንዳለበት አስቀድሞ መጠየቅ፣ ለከባድ አለርጂ የሚሰጠውን መድኃኒት አድሬናሊንን በእጅ መያዝና ልጁን ከመርፌው በኋላ ለግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው።

ቤተሰቦችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። እባካችሁ ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ እንጥሉን አታስቆርጡት። ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ ባክቴሪያውም እዚያው ይቀራል።

በ2007 ዓ.ም. የአፍሪካ ባለሙያዎች እዚሁ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ ኅብረት ተሰብስበው ጥሩ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን በበቂ መጠን እንዲቀርብ ጠይቀው ነበር። የጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች ይህን መርፌና አድሬናሊን ከጤና ጣቢያ መደርደሪያ እንዳይጠፉ ያድርጉልን። ከ5 ዓመት በላይ ላሉ ልጆችም አንድ ገጽ የጉሮሮ ህመም መመሪያ አትመው ይላኩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጤና መኮንን፣ ከደሴ