«ዋናው ቲቸር መቼ ነው የሚመጡት?»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቅርቡ በዚሁ የአንባቢያን ዓምድ አንዲት የጎንደር እናት የጻፉትን አነበብኩ። ልጃቸውን «ዛሬ ምን ተማርክ?» ሲሉት «መምህር ቀርቶ ነው፣ ዝም ብለን ዋልን» ይላቸዋል። «ማንም አልገባም?» ሲሉት ደግሞ «ገብቶ ነበር፣ ግን ተተኪ ነው» ይላል። እናትየዋ ተናደዋል። እውነታቸውን ነው።

እኔ ያ «ግን ተተኪ ነው» የሚባለው ሰውዬ ነኝ። የእሳቸው ልጅ ክፍል የገባሁት እኔ ላልሆን እችላለሁ። ብሆን ግን አልገረምም። እኔም ሰልችቶኝ «ቁጭ ብላችሁ አንብቡ» ብዬ ስልኬን የነካካሁበት ቀን አለ። አንድ ቀን ብቻ ነው ብል ደግሞ ውሸት ይሆናል።

የተመረቅሁት በጂኦግራፊ ነው። ቋሚ ቅጥር እስኪገኝ ሁለተኛ ዓመቴን የሰው ክፍለ ጊዜ ስሸፍን አለሁ። መምህር ሲታመም፣ ለቅሶ ሲሄድ፣ ለስልጠና ሲጠራ ስልኬ ይጮሃል። የሚከፈለኝ በገባሁበት ክፍለ ጊዜ ልክ ነው። ከሁሉም ረጅሙ ሥራዬ የወሊድ ፈቃድ ነው። በሕጉ አንዲት ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ታርፋለች። ያ 4 ወር የእኔ እንጀራ ነው። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የአንዷ ሆድ ገፋ ሲል ከባሏ ቀጥሎ የምደሰተው እኔ ነኝ።

ዘንድሮ፣ በ2018፣ እንዲህ ነው አንድ ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት። ከ60 በላይ ልጆች ናቸው። ገና ጠመኔውን ሳላነሳ ከፊት ያለችው «ቲቸር፣ ዋናው ቲቸር መቼ ነው የሚመጡት?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ለምጄዋለሁ። የእንጀራ አባት እንደመሆን ነው። ከኋላ መስኮቱ ሥር የተቀመጠ አንድ ረጅም ልጅ ተቀበላት፦ «ተቀያሪ ነዎት እንዴ? ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው የገቡት?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ልጁ የፋሲል ከነማ መለያ ከዩኒፎርሙ ሥር ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ይታያል። አፄዎቹ በ2013 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሱ ይሄ ልጅ አራተኛ ክፍል ቢሆን ነው። ዛሬም የሚያወራው ስለዚያ ዓመት ነው። «ተቀያሪ ገብቶ ጎል ያገባበት ጨዋታ አታስታውስም?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «አስታውሳለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ቲቸር ተቀያሪ» ነው። ፒያሳ ጃንተከል ዋርካ ሥር ቆሜ ሳይቀር ይጠሩኛል። መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር። አሁን ዞር ብዬ አቤት እላለሁ።

አሁን ወደ እናትየዋ ጥያቄ ልምጣ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። የት ይሄዳል?

ቢያንስ 10 ደቂቃ የሚሄደው የት እንደደረሱ በማጣራት ነው። «ምዕራፍ ስንት ላይ ናችሁ?» ስል ግማሹ «ሁለትን ጨርሰናል» ይላል፣ ግማሹ «ኧረ አልጀመርንም» ይላል። ሊዋሹኝ ፈልገው ብቻ አይደለም። አንዳንዱ በእርግጥም አያውቅም። የመምህሯ ዕቅድ ጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው። እሷ አራስ ቤት ናት። መጽሐፍ ደግሞ እዚህ ክፍል አንዱ ለሦስት ነው። እኔ የማደርገው አንድ ነገር ነው፦ ደብተሯን በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የምትጽፍ ልጅ እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለች ልጅ የሌለችበት ክፍል አላጋጠመኝም። ደብተሯን እዋሳለሁ። ትምህርት ቤቱ ያልሰጠኝን የምታቀብለኝ እሷ ናት።

ደብተሯ የአየር ንብረት ክልሎች ላይ ቆሟል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ። ዕድሌ ሆኖ የራሴ ትምህርት ነው። (በማግስቱ ባዮሎጂ አስገብተውኝ ነበር፤ እሱን ባናነሳው ይሻላል።) መጽሐፍ ስለሌለ ሰሌዳው ላይ አንድ ተዳፋት ሣልኩና «ከጎንደር ውጭ ዘመድ ያለው ማን ነው?» አልኩ። እጅ እንደ አጃ ተነሳ። አንዷ ደባርቅ አለች። «ምን ይበቅላል?» «ገብስ። ደግሞ ብርድ!» አንዱ ደምቢያ አለ፣ ጤፍ። ባለ መለያው ልጅ ቀስ ብሎ «መተማ» አለ። «እሱ ሰሊጥ ነው ቲቸር፣ ጥጥም አለ።» አንድ በአንድ እየተነሱ ስሙን ተዳፋቱ ላይ ጻፉ። ደባርቅን ከላይ፣ መተማን ከታች፣ ጎንደርን መሀል።

ከዚያ ሒሳቡን ሰጠኋቸው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ናት፣ መተማ 700 ገደማ። ልዩነቱ 1,400። ባለ መለያው ልጅ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያባዛ ቆየና «ዘጠኝ ዲግሪ!» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለራሱ ይመስላል፣ «ለካ እናቴ መተማ ስትወርድ ጋቢዋን ትታ የምትሄደው ለዚህ ነው» አለ።

ያን ቀን ደወሉ ሲጮህ ማንም አልተነሳም። በየቀኑ እንዲህ ነው እንዳትሉኝ። በዚያ ክፍል 4 ወር ስቆይ እንዲህ የሆነው ምናልባት አምስት ቀን ነው።

ስለ ስም ጥሪም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጆች ተተኪ ሲያዩ የመጀመሪያው ጨዋታቸው እሱ ነው። አንዱ የሌላውን ስም ይወስዳል፣ የፎረፈው ሁሉ «አቤት» ይባልለታል። ይህን እኔም ተማሪ ሆኜ አድርጌዋለሁ። አንድ ስም ላይ ግን ነገሩ ለየት አለብኝ። ስሙን ስጠራ በየቀኑ ሌላ ሰው ነው «አቤት» የሚለው። አንድ ቀን ከግራ፣ አንድ ቀን ከቀኝ፣ አንድ ቀን በቀጭን የሴት ድምፅ። ሳቅ የለበትም። ተረኛ ያላቸው ይመስላል።

አንድ ቀን ማምሻውን ከፒያሳ አዘዞ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሁለት ተማሪዎቼ ከኋላ አሉ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አዘዞ! አዘዞ! የሞላ!» ይላል። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ቢሆነው ነው። ልጆቹ በስሙ ጠሩት። ያ ስም ነው። ሒሳብ ሰጠሁት፣ ተቀበለ። ልጆቹ በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት። ብሩን መልሶ እጄ ላይ አደረገውና «ተከፍሏል ቲቸር» አለ። እንቢ ስለው በሩን ዘጋና ጎንበስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «ስሜን ሰረዙት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አልሰረዝኩትም ነበር። በማግስቱ ግን ለሆምሩም መምህሩ ነገርኩት። እሱም ቤተሰቡን አስጠራ። ልክ ይሁን ስህተት እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ጓደኞቹ ለሁለት ሳምንት ሰላም አላሉኝም። ከዚያ አራሷ ተመለሰች፣ የእኔ ጊዜ አለቀ። የዚህ ሥራ ክፋቱ ይሄ ነው። ታሪክ ትጀምራለህ፣ መጨረሻውን የሚያየው ሌላ ሰው ነው።

እነዚህ ልጆች ብዙ ባዶ ጊዜ አይተዋል። መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሦስተኛ ክፍል ነበሩ፣ ማንበብ በሚጠናበት ዕድሜ። ከዚያ በኋላ በክልላችን የሆነውን ለጎንደር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጮክ ብሎ ማንበብ ሲደርሰው «ጉሮሮዬን አሞኛል» የሚል ልጅ በየክፍሉ አለ። ጉሮሮው ደህና ነው። በ2014 ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ጉድ አለ። ሁሉም ማትሪኩን ያያል። ማክሰኞ አራተኛ ክፍለ ጊዜ መምህር ቀርቶ «ዝም ብለን ዋልን» የተባለውን ግን የሚቆጥረው የለም።

ጎንደር ተተኪ መምህርን የማታውቅ ከተማ አይደለችም። በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም፣ የዝማሬውንና የሽብሸባውን ሥርዓት፣ የተማረ ሰው ጠይቁ። የኔታ ተማሪውን ሁሉ ብቻቸውን አይዙም። ከተማሪው የበሰለው አስቀጻይ ሆኖ የታናናሾቹን ያዳምጣል፣ ያርማል። ያ ተማሪ «ዛሬ የኔታ ደክሟቸው ነው፣ ዝም ብለን ዋልን» አይልም። አስቀጻዩ እያንዳንዱ የት እንደደረሰ ያውቃላ። እኔ ግን የሚነግረኝ የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የሚቀር መምህር የሳምንቱን ዕቅድ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለዩኒት ሊደሩ በቴሌግራም ይላክ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኔትወርክ ከሌለ በወረቀት ይተውልን። ከስም ዝርዝሩ ጎን ደግሞ ማን ዓይኑ እንደሚደክም፣ ማን ፊት መቀመጥ እንዳለበት፣ ማን ከቀትር በኋላ ሥራ እንዳለው አንድ ቃል ቢጻፍበት እኔ ሚኒባስ ላይ ባልደነገጥኩ።

ለእናትየዋም አንድ ነገር ልበል። ልጅዎ «ተተኪ ነው» ሲልዎት እዚያ ላይ አይተዉት። «ምን አስተማራችሁ?» ይበሉት። «ምንም» ካለ ትምህርት ቤት ድረስ ይሂዱና ይጠይቁ። እኔን ቢያገኙኝ አልቀየምም፤ ካጠፋሁ አጠፋሁ እላለሁ።

ነገ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ አሥረኛ «መ» እገባለሁ። የምን ትምህርት እንደሆነ ገና አልነገሩኝም።

ከሰላምታ ጋር
ስሜ ይቆየኝ፣ ከጎንደር