ይድረስ ደባርቅ ላለኸው ወንድሜ

ሰላም ወንድምዓለም፣ እንዴት ከረምክ? እማማስ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ? ስንት ጊዜ ሆነን ድምፅ ከተሰማማን! እዛ ኔትወርኩ ሲጠፋ መንገዱ ሲዘጋ፣ እኔም እዚህ ስራ ስቀይር ቤት ስቀይር እንዲሁ ከረመ፣ ግን ከሀሳቤ ወጥተህ አታውቅም። አሁን የምጽፍልህ ለሰላምታ ብቻ አይደለም፣ ካንተ በቀር የሚመልስልኝ ሰው የሌለ ጥያቄ ይዣለሁ፣ ስለዚህ ረዘም ይላልና ቡናህን ይዘህ አንብበው።

እዚህ ጀርመን የምሰራው ድንኳንና የጉዞ ቦርሳ የሚጠገንበት ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ብዙው ስራ ዚፕ ነው፣ ከዛ ቀጥሎ ዘንጉ የተሰበረ ድንኳን። አሉሚኒየም ዘንግ በንፋስ ሲሰበር ዝም ብሎ አይሰበርም፣ የተሰበረው ጫፍ ሸራውን ቀዶት ነው የሚወጣው። እንደዛ አይነት ድንኳን ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ሁሌ አንተ ነህ ትዝ የምትለኝ፣ ስሜን ተራራ ግጭ ካምፕ ላይ በቅሎዋ ከነጭነቷ ተኝታበት የጎበጠውን ዘንግ በእንጨትና በፕላስተር አስረህ ለቱሪስቶቹ ስታቆምላቸው። መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ደባርቅ የለ፣ ጎንደር የለ፣ አንድ ዘንግ ጠፋ ማለት ድንኳኑ ጠፋ ማለት ነው።

እና ማታ ማታ ከስራ በኋላ ዲዛይን እያደረግኩ ያለሁት ዘንግ የሌለው፣ በአየር የሚቆም፣ ለሁለት ሰው የሚሆን ቀላል ድንኳን ነው።

ሀሳቡ አዲስ አይደለም። ፍሬድሪክ ላንቸስተር የሚባል እንግሊዛዊ ኢንጂነር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በፈረንጅ 1917፣ በአየር ግፊት ለሚቆም የጦር ሜዳ ሆስፒታል ድንኳን ፓተንት አመልክቶ ነበር። የሱ ግን አየሩ የሚሞላው ሰው የሚተኛበትን ክፍል ራሱን ነው፣ እንደዛ ሲሆን አየሩ እንዳያመልጥ ያለማቋረጥ መንፋት አለብህ፣ ለተራራ አይሆንም። አሁን የምንሰራው አየሩ ቱቦዎቹ ውስጥ ብቻ ሆኖ ቱቦዎቹ የዘንጉን ቦታ የሚይዙበት ነው። በፈረንጅ 2011 ሃይምፕላኔት የሚባል የሃምቡርግ ድርጅት ዘ ኬቭ የሚል ድንኳን አወጣ፣ ቱቦዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ ከአንድ ቦታ ነፍተኸው ሙሉው ይነሳል፣ ከነፋኸው በኋላ ደግሞ ክፍሎቹን ለየብቻ ትዘጋቸዋለህ፣ አንዱ ቢበሳ ሌሎቹ ቆመው ይቀራሉ። በጣም ነው የማደንቀው። ግን 5 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ለመኪና ጉዞ እንጂ ለእግረኛ ይከብዳል።

አሰራሩ ምን መሰለህ፣ ቱቦው እንደ ሳይክል ጎማ ድርብ ነው። ውስጡ ያለው ካላማዳሪያ ቲፒዩ የሚባል ስስ ላስቲክ ነው፣ ስራው አየር መያዝ ብቻ። ውጪው የማይለጠጥ የፖሊስተር ጨርቅ ነው፣ ጉልበቱን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው። ላስቲኩ ከጨርቁ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ መቆረጥ አለበት፣ ከጠበበ ራሱ ይወጠርና ይፈነዳል፣ ከሰፋ ግን ጨርቁ ላይ ተደግፎ አርፎ ይቀመጣል። ጨርቁ በመርፌ ቢበሳሳ ግድ የለም አየሩን የሚይዘው እሱ ስላልሆነ፣ ስፌቱ ግን መጠንከር አለበት፣ አግድም ስፋቱ 6 ሳንቲሜትር የሆነ ቱቦ ግማሽ ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲነፋ በያንዳንዱ ሳንቲሜትር ስፌት ላይ 1 ኪሎ ተኩል ያህል ይጎትታል። በጣም የሚያስቸግረው ደግሞ ጫፉ ነው፣ የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ እዛጋ ስለሆነ ብዙ ማታዬን የበላው ጫፉን እንዴት አጥፌ እንደማስረው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቱቦውን ለማጠንከር ሰው ቶሎ የሚያስበው አብዝቶ መንፋት ነው። ግን ግፊቱን ሳትነካ ቱቦውን ብታወፍረው ይሻላል፣ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ንፋስ ሲያጎብጠው የሚቋቋመው ኃይል 8 እጥፍ ይሆናል፣ ጨርቁ ግን እጥፍ ብቻ ነው የሚጨምረው። ስለዚህ ቀላል ድንኳን የሚመጣው ጨርቅ በማሳሳት ሳይሆን ጥቂት ግን ወፈር ያሉ ቅስቶች (ጎብጠው ድንኳኑን የሚሸከሙት ቱቦዎች) በማድረግ ነው ብዬ ነው የማምነው። እንደገና ደስ የሚለው፣ የአየር ቅስት ከአቅሙ በላይ ንፋስ ሲመጣበት ይታጠፋል፣ ንፋሱ ሲያልፍ ተመልሶ ይቆማል። ምንም የሚሰበር ነገር የለም፣ በቅሎም ብትተኛበት ተጠቅልሎ ያለ ጨርቅ ነው። ለነገሩ ከጥሩ አሉሚኒየም ዘንግ ጋር ግራም በግራም ካወዳደርነው የአየሩ ይከብዳል፣ እያንዳንዳቸው 5 ሜትር የሚሆኑት ሁለቱ ቅስቶች ከነቫልቫቸው ወደ 600 ግራም ይጠጋሉ፣ ፓምፑ ሳይቆጠር። እኔ ግን ለስሜን ተራራ እሱን ነው የምመርጠው።

ከፍታው ላይ ምን እንደሚሆን ደግሞ ልንገርህ፣ ይሄ በጣም ነው የሳበኝ። ከጎንደር ይዘነው የወጣነው የቺፕስ ላስቲክ ደባርቅ ስንደርስ ተነፍቶ ተነፍቶ ሊፈነዳ ሲደርስ ታስታውሳለህ? ግጭ 3600 ሜትር ላይ የውጪው አየር ግፊት ባህር ጠለል ላይ ካለው 65 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይሄ ማለት ፓምፑ በያንዳንዱ ግፊያ የሚስበው አየር ስስ ነው። 6 ሳንቲሜትሩ ቅስት 14 ሊትር ያህል ይይዛል፣ መጀመሪያ በትልቅ የላስቲክ ከረጢት እየጨመቅክ ትሞላዋለህ (ከረጢቱ ኋላ ልብስን ከዝናብ መጠበቂያ ይሆናል) ከዛ በእጅ ፓምፕ ታጠነክረዋለህ። በአንድ ግፊያ 0.2 ሊትር በሚሰጥ ፓምፕ ሃምቡርግ ላይ 35 ግፊያ የሚበቃው ግጭ ላይ 54 ይሆናል፣ ለአንዱ ቅስት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ለዋለ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም።

ብርዱም አለ። ከሰዓት 20 ዲግሪ ላይ ግማሽ ባር የነፋኸው ቱቦ ሌሊት ከዜሮ በታች 3 ሲደርስ ወደ 0.41 ባር ይወርዳል፣ ምንም ሳይበሳ። ስለዚህ ፀሐይ ከገባች በኋላ ከመተኛት በፊት አንዴ መጨመር ግድ ነው። ቀን ደግሞ ፀሐይ ላይ ሲቆም ግፊቱ ይጨምራል፣ ለዛ ስፌቱ ላይ አቅም ትቼለታለሁ።

አሁን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ጥገናው ነው። እዚህ ሰው ሲበሳበት በፖስታ ይልክልናል፣ እዛ ማን ይልካል? የጎሚስታ ማስቲሽ ቲፒዩ ላይ በደንብ አይዝም፣ ለጎማ ነው የተሰራው። ስለዚህ የጨርቁን አንድ ጫፍ የሚከፈት አድርጌዋለሁ፣ ላስቲኩን እንደ ካላማዳሪያ ስበህ ታወጣና ሌላ ታስገባለህ። የአንዱ ላስቲክ ክብደት 110 ግራም አካባቢ ነው፣ አንድ ትርፍ ይዞ መውጣት ምንም አይደለም። ቫልቩንም የመኪና አይነት አድርጌዋለሁ፣ የእኛ ፓምፕ ቢጠፋ ለመኪና ቫልቭ የሚሆን ማንኛውም የሳይክል ፓምፕ እንዲነፋው። በዚህ ነገር እዚህ ካሉ ልጆች ጋር ብዙ ተከራክረናል፣ ልዩ ቫልቭ ቢሆን ጥቂት ግራም ይቀንሳል ይላሉ፣ እኔ ግን ደባርቅ ላይ በቅሎ ጫኙ ሊጠግነው የማይችለውን ድንኳን መስራት አልፈልግም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ቱቦውን 6 ሳንቲሜትር ላድርገው ወይስ 8? 8 ሲሆን ጥንካሬው ከእጥፍ ያልፋል፣ ጨርቁ በሲሶ ብቻ ይጨምራል፣ አየሩ ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ፓምፑም እንደዛው። የሚወስነው ንፋሱ ነው፣ ንፋሱን ደግሞ የምታውቀው አንተ ነህ። ጨነቅ ካምፕ ላይ ሌሊት ንፋሱ ከገደሉ ወደ ላይ ነው የሚመጣው ወይስ ከቧሒት ተራራ ወደ ታች? ቀጥ ብሎ ይነፍሳል ወይስ እየቆረጠ ይመታል? ድንኳን የሚጥለው በየትኛው ወር ነው? ሳንቃበር ካምፕ ላይ ካስማ ይገባል ወይስ ድንጋይ ነው? ምክንያቱም ገመዶቹ በደንብ ከታሰሩ 6ቱ ይበቃል፣ መሬቱ ካስማ ካልያዘ ግን 8 ሳላደርግ አልተኛም። ለጫኞቹም ጠይቅልኝ፣ ሲመሽ ደክሟቸው ያን ያህል ፓምፕ መግፋት እሺ ይሉ እንደሆነ፣ እምቢ ካሉም እምቢ ብለዋል ብለህ እንዳለ ጻፍልኝ፣ በእግር የሚገፋ ፓምፕ እሞክራለሁ።

በቴሌግራም በድምፅ ብትልክልኝም ይሆናል፣ ንፋሱንም ቅዳልኝ። የመጀመሪያው ሲያልቅ ወደ ጎንደር ከሚመጣ ሰው ጋር እልክልሃለሁ፣ ቱሪስት ሳይገባበት አንተ ራስህ ጨነቅ ላይ እደርበት። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም።

ወንድምህ